ሲፒኤስ በር ሲያንኳኳ፦ ለቤቱ እንግሊዝኛ አዋቂ ልጆች

ውድ ልጆቻችን፣

በቨርጂንያ፣ በሜሪላንድና በዋሽንግተን ዲሲ ባሉ የሐበሻ ቤቶች ደብዳቤ የሚያነበው፣ ትምህርት ቤት የሚደውለው፣ ሐኪም ዘንድ የሚያስተረጉመው ብዙ ጊዜ ከእናንተ አንዱ ነው። በተለምዶ ሲፒኤስ የምንለው የሕፃናት ጥበቃ ክፍል ሠራተኛ በር ያንኳኳ ዕለትም መጀመሪያ የሚደወለው ለእናንተ ነው። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ራሳችሁ ወልዳችኋል። ከጠበቃ በፊት የምትደርሱት እናንተ ስለሆናችሁ የምንጽፈው ለእናንተ ነው። በዚህ ሥራ የቆየን ሰዎች ደጋግመን ያየነው አንድ ነገር አለ፦ የወላጅ መብት ገና ዳኛ ሳያየው፣ በመጀመሪያው ሰዓት እደጃፍ ላይ ያልቃል። የሚጨርሱትም ይሉኝታና ፍርሃት ናቸው።

በእኛ ዘንድ ደጅ የቆመን ሰው "ግቡ" አለማለት ነውር ነው። ሠራተኛዋ "መግባት እችላለሁ?" ስትል እናታችሁ "ግቢ፣ ግቢ፣ ቡና ላፍላ" ትላለች። በሕግ ዓይን ይህ ፈቃድ ነው። ከገባች በኋላ ያየችው ሁሉ መዝገቧ ላይ ይሰፍራል፦ የማቀዝቀዣው ባዶነት፣ ልጆቹ የሚተኙበት ቦታ፣ ጠረጴዛ ላይ የተረሳው መድኃኒት። በአሜሪካ ሕገ መንግሥት አራተኛ ማሻሻያ መሠረት የመንግሥት ሠራተኛ ቤት ለመግባት በመርህ ደረጃ ከሦስት ነገሮች አንዱ ያስፈልጋታል፤ የባለቤቱ ፈቃድ፣ የዳኛ ትእዛዝ፣ ወይም ልጁ በዚያችው ሰዓት አደጋ ላይ ነው የሚያሰኝ ምክንያት። አንዱም ከሌለ ወላጅ "ዛሬ አልችልም፤ ጠበቃ አማክሬ ቀጠሮ እሰጥሻለሁ" ማለት ይችላል።

ይህን ማለት ግን በር መደርገም አይደለም። የሚጮህ፣ የሚሳደብ፣ ልጁን ጓዳ የሚደብቅ ወላጅ አደጋ አለ የሚል ጥርጣሬ በገዛ እጁ ይፈጥራል፤ ሠራተኛዋም ትእዛዝ ፍለጋ ፍርድ ቤት ትሄዳለች፣ ወይም ፖሊስ ትጠራለች። የእኛ ምክር ይህ ነው፦ ወላጅ ወደ ውጭ ይውጣ፣ በሩን ከኋላው ይዝጋ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይናገር፣ የሠራተኛዋን ስም፣ የቢሮዋንና የአለቃዋን ስልክ ይጻፍ። ሕፃኑ ደህና ከሆነ በር ላይ ማሳየቱ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳዩን ያበርደዋል። ትእዛዝ ይዤ መጥቻለሁ ካለች ወረቀቱ ይነበብ፤ የዳኛ ፊርማ አለው ወይ? አድራሻው የእናንተ ነው ወይ? የሚፈቅደው ቤት መግባትን ነው ወይስ ልጅ መውሰድን? ትክክለኛ ከሆነ መንገድ ልቀቁ። ክርክሩ ፍርድ ቤት ይደረጋል።

እዚያው ደጅ ላይ መጠየቅ ያለባቸው ጥያቄዎች አሉ። የመጀመሪያው "የቀረበብን ክስ ምንድን ነው?" የሚለው ነው። የሕፃናት ጥቃትን ለመከላከል እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የፌዴራል ሕግ በ2003 ሲሻሻል፣ ሠራተኛዋ በመጀመሪያው ግንኙነት ላይ ክሱን ለወላጁ እንድትናገር ደንግጓል። ማን እንደጠቆመ ግን አትናገርም፤ ሕጉ ጠቋሚውን ይሸሽጋል። ስለዚህ ጎረቤቱንና አስተማሪዋን እየዞሩ "አንቺ ነሽ?" ማለት ምስክር እንደ ማስፈራራት ሊቆጠር ይችላል። አስተማሪና ሐኪም ከጠረጠሩ እንዲያመለክቱ ሕግ ያስገድዳቸዋል፤ ቂም የሚያዝበት ጉዳይ አይደለም። ሁለተኛው ጥያቄ ለቨርጂንያ ነዋሪዎች ወሳኝ ነው፦ "ይህ ምርመራ ነው ወይስ የቤተሰብ ግምገማ?" ግምገማ ከሆነ በመጨረሻው ጥፋተኛ የሚያሰኝ ውሳኔ አይሰጥም፣ የወላጅ ስምም የስቴቱ የሕፃናት ጥቃት ማዕከላዊ መዝገብ ውስጥ አይገባም። ምርመራ ከሆነ ሁለቱም ሊሆኑ ይችላሉ። ቨርጂንያ ምርመራውን በ45 ቀን ውስጥ መጨረስ አለባት፤ በቂ ምክንያት ካለ 60 ይደርሳል።

ሠራተኛዋ ልጆቹን ትምህርት ቤት ሄዳ አነጋግራቸው ሊሆን ይችላል። የቨርጂንያ ሕግ ያለ ወላጅ ፈቃድና ወላጅ በሌለበት ይህን ማድረግ ይፈቅድላታል። ልጁ ማታ ሲመለስ "ምን አልክ?" ብሎ ማፋጠጥ፣ መልስ ማስጠናት፣ ወይም "ጉድ አረግከን" ብሎ መቅጣት ከመጀመሪያው ክስ የከፋ ክስ ይወልዳል። "እውነቱን ተናገር፣ አንቆጣህም" በሉት። ይበቃል።

አሁን ወደ ቋንቋ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ረዘም እንላለን። ልማዳችሁ ለእናታችሁ ማስተርጎም ነው፤ ዛሬ ግን አታስተርጉሙ። እናንተ ምስክር ልትሆኑ ትችላላችሁ፣ ስታስተረጉሙም ሳታስቡት ታለሳልሳላችሁ። ጉዳዩ የሚመለከተው ሕፃን ራሱ እንዲያስተረጉም መፍቀድማ ፈጽሞ አይሆንም። በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ምዕራፍ 6 መሠረት የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ቢሮ ሰውን በትውልድ አገሩ ምክንያት ማግለል አይችልም፤ ቋንቋ አይችልም ብሎ መግፋትም ከዚያው ይቆጠራል። ስለዚህ "የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ" ማለት መብት ነው፣ ክፍያም የለውም። ጥያቄውን በቴክስት ወይም በኢሜይል ድገሙት፤ ማስረጃ ይሆናል። የመጣችው አስተርጓሚ ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ የምታውቃችሁ ከሆነች፣ በስልክ ከሌላ ስቴት ሰው ይቅረብልን ማለት ይቻላል።

ለምን ይህን ያህል እንጨነቃለን? "እሺ" የሚለው ቃላችን ብዙ ጊዜ "ሰምቻለሁ" ማለት ነው፤ መዝገቡ ላይ ግን "ተስማምታለች" ተብሎ ይጻፋል። ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን የምንለውን "አዎ" ለማያውቅ አሜሪካዊ የደነገጠ ሰው ድምፅ ይመስለዋል። "መታ መታ አደረግኩት" ማለት በእኛ ቀላል ነገር ነው፤ ቃል በቃል ሲተረጎም ግን ደጋግሞ መደብደብ ይሆናል። "እገድልሃለሁ" የሚለውን የቁጣ ቃል ልጅ ክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ ሲናገረው አስተማሪዋ የምትሰማው የግድያ ዛቻ ነው። በዚህ ላይ የስማችን ነገር አለ። እናት፣ አባትና ልጅ የመጨረሻ ስማቸው ሦስት ዓይነት ነው፤ ሠራተኛዋ የእንጀራ ቤተሰብ ሊመስላት ይችላል። የልደት ምስክር ወረቀት አዘጋጁ፣ ስማችን እንዴት እንደሚወርድም በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረዱ።

ሰውነት ላይ ያለ ምልክትም እንዲሁ ነው። ብዙ የእኛ ሕፃናት ጀርባቸውና መቀመጫቸው ላይ ሰማያዊ ግራጫ የትውልድ ምልክት ይዘው ይወለዳሉ፤ ለማያውቅ ሰው የምት ሰንበር ይመስላል። ገና በመጀመሪያዎቹ የክትባት ቀጠሮዎች ሐኪሙ ቦታውንና መጠኑን መዝገብ ላይ እንዲያሰፍር ጠይቁ። ዋግምትም ክብ ክብ ጥቁረት ይተዋል። በቀበቶ ወይም በገመድ መግረፍ፣ በበርበሬ ማጠን ግን የባህል ጉዳይ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ቨርጂንያ መጠነኛ የወላጅ ቅጣትን አትከለክልም፤ ጉዳት ያደረሰ ቅጣት ግን ጥቃት ነው። ልጁ ተጎድቶ ከሆነ መብት ማወቅ ለመሸፋፈን እንዲያገለግል አንፈልግም። ያ ቤት እርዳታ ያስፈልገዋል፣ ልጁም ጥበቃ።

ዝም ማለት ይቻላል? ይቻላል። ለሲፒኤስ የተነገረ ቃል ለፖሊስና ለዐቃቤ ሕግ ሊደርስ ይችላል፣ ሠራተኛዋም እንደ ፖሊስ "የምትናገረው ሁሉ" ብላ ላታስጠነቅቅ ትችላለች። ቴክሳስ ከመስከረም 2023 ጀምሮ ሠራተኞቿ ለወላጅ መብቱን በግልጽ እንዲነግሩ አስገድዳለች፤ ያለ ጠበቃ አለመናገርን፣ ቤት አለማስገባትን፣ ውይይቱን መቅዳትን ይጨምራል። ሌላ ቦታ ያሉ ወላጆች ራሳቸው ማወቅ አለባቸው። መቅዳትን በተመለከተ ድንበሩን እወቁ፦ የቨርጂንያ ሕግ የሚመረመረው ወላጅ እየቀዳ መሆኑን አሳውቆ ከሠራተኞቹ ጋር የሚያደርገውን ንግግር እንዲቀዳ ይፈቅዳል፤ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግራችሁ ሜሪላንድ ከገባችሁ ግን ያለ ሁሉም ተናጋሪ ፈቃድ መቅዳት ወንጀል ነው።

ሽማግሌ መጥራት መልካም ልማዳችን ነው፤ ነገር ግን ለሽማግሌ የተነገረ ቃል በሕግ የተጠበቀ ምስጢር አይደለም። የተጠበቀው ለጠበቃ የተነገረው ነው። ሽማግሌዎቹ ልጅ በማጓጓዝ፣ እንጀራ በማምጣት፣ ቤት በማጽዳት ይርዱ፤ የሆነውን ነገር ዝርዝር ግን አትዘርግፉላቸው። "ልጁን ለአያቱ አዲስ አበባ እንላከው" የሚል ምክር ከመጣ ደግሞ አትቀበሉ። በምርመራ መሀል ልጅ ከአገር ማስወጣት መሸሽ ነው የሚባለው።

ግሪን ካርድ ላላቸው፣ ጥገኝነት ለሚጠብቁና ወረቀት ለሌላቸው የተለየ ማሳሰቢያ አለን። የሲፒኤስ ውሳኔ በራሱ የወንጀል ጥፋተኝነት አይደለም። አብሮ የወንጀል ክስ ከተከፈተ ግን ከ1996 ጀምሮ በሕፃን ላይ በሚፈጸም ጥቃት ወይም ቸልተኝነት ወንጀል መፈረድ ከአገር ሊያስባርር ይችላል። "ትንሽ ክስ ነው፣ አምነህ ውጣ" የሚል ሐሳብ ሲቀርብ፣ ከመፈረም በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይየው። የወንጀል ተከላካይ ጠበቃ ይህን አደጋ ለደንበኛው መንገር እንዳለበት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 ወስኗል።

ሴፍቲ ፕላን (የልጁ ደህንነት ዕቅድ) የሚባለው ወረቀት በፈቃድ ነው ይባላል። "ካልፈረማችሁ ልጆቹን እንወስዳለን" ከሚል ቃል ጋር ሲመጣ ግን ወላጅ ሳያነበው ይፈርማል። አባት ቤቱን ለቆ እንዲወጣ ወይም ልጆቹ አክስት ዘንድ እንዲያድሩ ሊያዝ ይችላል፣ ማብቂያ ቀንም ላይኖረው ይችላል። ከፊርማ በፊት በአማርኛ ይነበብ። መቼ ያበቃል? ማን ይከታተላል? ሐሳባችንን ብንለውጥ ምን ይከተላል? መልሱ እዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍ፣ ቅጂውም እጃችሁ ይግባ። አባት ሌሊት የሚነዳ ከሆነ፣ እናት ሆስፒታል ማታ የምትሠራ ከሆነ፣ የማይፈጽሙትን ግዴታ አይቀበሉ።

ልጅ ከተወሰደ ሰዓቱ መቁጠር ይጀምራል። ቨርጂንያ ውስጥ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ ዳኛ ፊት መቅረብ አለባችሁ። ጉዳዩ እዚያ ሲደርስ መክፈል ለማይችል ወላጅ ፍርድ ቤቱ ጠበቃ ይመድባል፤ የተመደበው የልጁ ጠበቃ ግን የወላጁ ጠበቃ አይደለም። ቢሮው በ2008ቱ የፌዴራል ሕግ መሠረት በ30 ቀን ውስጥ አዋቂ ዘመዶችን ፈልጎ ማሳወቅ ስላለበት፣ የዘመድ ዝርዝር ከነስልክና አድራሻው በመጀመሪያው ቀን ስጡ። "አጎቴ" የምትሉት ሰው በደም ይዛመድ ወይስ በአክብሮት ብቻ፣ ለይታችሁ ጻፉ። በ1997ቱ የፌዴራል ሕግ ልጅ ካለፉት 22 ወራት 15ቱን በፎስተር ኬር፣ ማለትም ከወላጆቹ ተወስዶ በመንግሥት አደራ ሥር ካሳለፈ፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር ስቴቱ የወላጅነት መብት እንዲቋረጥ ማመልከት አለበት። ለማቋረጥ ግልጽና አሳማኝ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ የ1982ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። ግን የቀረ ጉብኝትና ያልተጠናቀቀ የወላጅነት ትምህርት ያንን ማስረጃ ይሞላዋል። የጉብኝት ሰዓት ከሥራ ፈረቃ ጋር ከተጋጨ ከመቅረት በፊት ለውጥ በጽሑፍ ጠይቁ።

በመጨረሻ በፖስታ ደብዳቤ ይመጣል። እናታችሁ ከማስታወቂያዎቹ ጋር አስቀምጣው ይሆናልና ራሳችሁ ፈልጉት። ቨርጂንያ ውስጥ ጥፋተኛ የሚል ውሳኔ ከሆነ፣ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ ይግባኝ ለመጠየቅ ያለው 30 ቀን ብቻ ነው፤ ሜሪላንድ 60 ቀን ትሰጣለች። ውሳኔው እንደ ክብደቱ ሦስት ደረጃ አለው፦ ቀላሉ ደረጃ ቨርጂንያ መዝገብ ላይ 3 ዓመት፣ መካከለኛው 7 ዓመት ይቆያል፤ ከባዱ ከዚያ ይበልጣል። በዚያ ጊዜ ውስጥ እንደ ሕፃናት ማቆያ ያለ፣ መዝገቡን የሚያጣራ ቀጣሪ የወላጁን ስም ያገኘዋል። ፖስታውን አትጣሉት፤ ማኅተሙ ላይ ያለው ቀን የ30ውን ቀን ቆጠራ ለማስረዳት ያስፈልጋል። ይግባኙንም የማድረሻ ደረሰኝ ባለው ፖስታ ላኩ። ውሳኔው ነፃ የሚያወጣ ቢሆንም ደብዳቤውን ከልደት ምስክር ወረቀቱ ጋር አንድ ላይ አስቀምጡት፤ ከዓመታት በኋላ ሌላ ሠራተኛ በሩን ብታንኳኳ መጀመሪያ የምታሳዩዋት እርሱን ነው።