ማረሚያ ቤት 4 ዓመት ነበርኩ፣ ስለ ውስጡ ኑሮ ጠይቁኝ

ሰላም ቤተሰብ፣ የቱ ማረሚያ ቤት እንደነበርኩ ይቅር፣ ክሱንም አትጠይቁኝ። ስለ ኑሮው ግን ያላችሁን ወርውሩ።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ቀን የት ተኛህ?

መልስ፦ መሬት ነዋ። ተደራራቢ አልጋ አለ ግን ተራህ እስኪደርስ ወለል ላይ ነህ፣ ቦታ የሚያሳይህ ካቦው ነው፣ ካቦ ማለት ራሱ እስረኛ ሆኖ ቤቱን የሚያስተዳድር። እኔ የደረሰኝ ሽንት ቤቱ በር ስር ነበር፣ ሌሊት የሚነሳው ሁሉ እግሬን እየረገጠ ነው የሚያልፈው። አልጋ ያገኘሁት በ7ኛው ወር አንዱ ሲፈታ ነው። ትኋኑን ተዉት።

ጥያቄ፦ ምግቡ ይበላል?

መልስ፦ ጠዋት ሻይ በዳቦ፣ ከዛ እንጀራ በክክ ወይ በሽሮ፣ ወጡ ቀጭን ነው ግን ሲርብህ ትበላዋለህ። ለዛ ነው ስንቅ ትልቅ ነገር የሚሆነው። ስንቅ የመጣለት ደግሞ ብቻውን አይበላም፣ እኛ 5 ሆነን ነበር የምንበላው፣ የአንዱ እናት ረቡዕ ትመጣለች የኔ እህት እሁድ፣ ሁለቱ የክፍለ ሀገር ልጆች ናቸው ጠያቂ የላቸውም። እነሱ እያፈሩ ሳህን ማጠቡን ለብቻቸው ሲይዙት ጊዜ አይ እንደዚህ አይሆንም ብለን ሁላችንም ተራ ገባን። ውጪ ያለ ሰው ይሄን አያውቀውም፣ አንድ ሳህን ስትልኩ የምትመግቡት አንድ ሰው አይደለም።

ጥያቄ፦ ምግብ ያመጣውን ሰው ያስቀምሱታል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። አንዴ ጓደኛዬ ረመዳን ላይ ምግብ ይዞ መጥቶ ቅመስ ሲባል ጾመኛ ነኝ አለ፣ ፈታሹም አላስገባም አለ፣ በኋላ ከኋላው የተሰለፉ እናት "አምጣው እኔ ልቅመስልህ ልጄ" ብለው ገባልኝ። ማን እንደሆኑ እስካሁን አላውቅም።

ጥያቄ፦ ካሊቲ፣ ቂሊንጦ፣ ከርቸሌ ልዩነታቸው ምንድነው?

መልስ፦ ቂሊንጦ በብዛት ጉዳዩ ገና ቀጠሮ ላይ ያለ ሰው ነው፣ ካሊቲ ሲታወቅ የኖረው በፍርደኞችና በሴቶች ነው። ከርቸሌ ደሞ የድሮው፣ ስሙ ከጣልያንኛ የመጣ ነው፣ ዓለም በቃኝ የሚባለው እስር ቤትም እዛው ነበር፣ ፈርሶ በ2004 የተመረቀው የአፍሪካ ህብረት ህንጻ ቆሞበታል።

ጥያቄ፦ ቀኑ እንዴት ያልፋል?

መልስ፦ ጠዋት ቆጠራ ማታ ቆጠራ፣ መሃሉ ያንተ ነው። ትምህርት ቤት አለ፣ እንጨት ስራና ሽመና አለ፣ የቀረው ዳማ ላይ ነው። ቅዳሜ ኳስ ካለ ቲቪው ስር ቦታ የሚያዘው ከምሳ በፊት ነው።

ጥያቄ፦ አመክሮ እንዴት ነው?

መልስ፦ አመክሮ ማለት ፍርድህ ሳያልቅ መፈታት ነው፣ ጸባይህ ጥሩ ከሆነ ከፍርድህ ሁለት ሦስተኛውን ስትጨርስ ነው፣ እድሜ ልክ ከሆነ 20 ዓመት። እኔ 6 ተፈርዶብኝ በ4 የወጣሁት በሱ ነው፣ ግን እንደ ደሞዝ በራሱ የሚመጣ አይደለም፣ ያጠፋ ይቀርበታል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ባለፈው ሳምንት ገባ፣ ምን ልውሰድለት?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ። ብርድ ልብስ፣ ነጠላ ጫማ፣ ሳሙና፣ ቶሎ የማይበላሽ ነገር እንደ በሶና ቆሎ። ምግቡን ስትቋጥሪ ጨመር አድርጊ፣ ለምን እንደሆነ ከላይ ብያለሁ። የጥየቃውን ቀን አስቀድመሽ ጠይቂ፣ መታወቂያሽ ጊዜው አልፎ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ አሳድሺ፣ ሰው ስንቁን እንደያዘ ከበር ሲመለስ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ።