ፕሮጀክቱ ለምን መጨረሻ ላይ ይመጣል? እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

የዚህ ሳምንት ጥያቄዎች በሙሉ በፕሮጀክት ላይ ስለተመሠረተ የኦንላይን ማስተርስ ትምህርት ናቸው።

የሌክቸር ቪዲዮ ስንት ደቂቃ ይሁን?

ከ6 ደቂቃ ብዙም አይለፍ። ርዕሱ ከረዘመ ይቆራርጡት።

አንድ መምህር የ12 ሳምንት ሌክቸር ቀድተዋል። በመጨረሻዎቹ 3 ሳምንታት ተማሪው 30 ከመቶ የሚይዝ ፕሮጀክት ይሠራል። "ኮርሴ ፕሮጀክት ተኮር ነው ማለት እችላለሁ?" ይላሉ።

አይችሉም። እርስዎ ጋ ፕሮጀክቱ የያዘው የፈተናውን ቦታ ነው። በዴንማርክ ኦልቦርግ ዩኒቨርሲቲ በ1974 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ጀምሮ ተማሪዎች በቡድን ሆነው አንድ ችግር ይዘው ይሠራሉ። የሴሚስተሩ ግማሽ ያህል ክሬዲትም የፕሮጀክቱ ነው። እዚሁ አገራችን ጂማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ወደ ኅብረተሰቡ ልኮ ችግር እንዲለዩና መፍትሔ እንዲያቅዱ ሲያደርግ ዓመታት አልፈዋል።

የኦንላይን ማስተርስ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ላይ ያለ ሰው ነው። ይህ ትልቅ ዕድል ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ከመሥሪያ ቤቱ አንድ ችግር ይምረጥ፤ ለምሳሌ ጤና ጣቢያው ውስጥ የትኛው መድኃኒት ለምን ቶሎ ቶሎ ያልቃል? በ3ኛው ሳምንት የአንድ ገጽ ዕቅድ፣ በ6ኛው የመጀመሪያ ረቂቅ ያስገባ። የፍላጎት ትንበያ (ምን ያህል መድኃኒት እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ መገመት) ሌክቸርዎን ያኔ ይልቀቁት። ተማሪው ቁጥሮቹን ይዞ ግራ ሲገባው ቪዲዮውን ፈልጎ ያየዋል።

ቀድተው ያተረፉትን ሰዓት ደግሞ ረቂቅ ለማረም ያውሉት። 40 ተማሪ በ4 በ4 ቢከፈል 10 ቡድን ነው። ለእያንዳንዱ በሳምንት ግማሽ ሰዓት ቢሰጡ 5 ሰዓት ይሆናል። ዲፓርትመንቱ ይህን እንደ ማስተማሪያ ሰዓት ሊቆጥርልዎ ይገባል። አይሆንም ካሉ ይከራከሩ! አስተያየት የማይሰጥበት ፕሮጀክት ተማሪውን ብቻውን ያስቀራል፤ ኦንላይን ትምህርት የሚቋረጠውም ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው።

ሙድል ይሻላል ጉግል ክላስሩም?

ሁለቱም ኮርስ የሚለቀቅባቸው የኦንላይን መድረኮች ናቸው፤ ተቋማችሁ የሚጠቀምበት ይሻላል። ለቀረው አይቲ ክፍሉን ጠይቁ።

ከፕሮጀክት ቡድናችን ሁለታችን ባሕር ዳር፣ አንዷ ሪያድ፣ አንዱ ዋሽንግተን ነን። የዋሽንግተኑ ልጅ ከስብሰባ ይቀራል፤ ማርኩ ግን እኩል ነው።

ስብሰባችሁ ከምሽቱ 2 ሰዓት ከሆነ ዋሽንግተን እንደ ወቅቱ 6 ወይም 7 ሰዓት ቀን ነው። ልጁ ሥራ ላይ ይሆናል። ቅዳሜ አድርጉት። ያኔም ከቀረ መምህራችሁ ማርኩን ለሁለት ይክፈሉት፤ ከፊሉ የቡድን፣ ከፊሉ የግል። እያንዳንዱ የሠራውን ጽፎ ይፈርም።

የተማሪዎቼን ሪፖርት ቻትጂፒቲ እየጻፈላቸው ነው። ምን ላድርግ?

የመጨረሻውን ሪፖርት ብቻ የሚቀበሉ ከሆነ ምንም ማድረግ አይችሉም። ረቂቆቹን ይጠይቁ። ከዚያ 10 ደቂቃ በቪዲዮ ያነጋግሯቸው፦ ይህን ዘዴ ለምን መረጥክ? ሞክረህ ያልሠራልህ የቱ ነው? የሠራው ሰው ይናገራል።

በምሠራበት ሆስፒታል የታካሚ ካርድ ለፕሮጀክቴ ልጠቀም ነው። "የክፍል ሥራ ስለሆነ ፈቃድ አያስፈልገውም" ተብያለሁ።

እባክሽ አንድም ካርድ እንዳትከፍቺ። የክፍል ሥራ መሆኑ የታካሚውን መብት አያነሳም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም አለ። የታካሚውን ስም ከዳታው ማውጣት ብቻውን አይበቃም፤ በትንሽ ወረዳ ዕድሜና በሽታው ብቻ ሰውየውን ያሳውቃል። ፈቃድ አያስፈልግም ያለሽንም ሰው እኔንም አምነሽ አትጀምሪ። ለዩኒቨርሲቲሽና ለሆስፒታሉ የምርምር ሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ በጽሑፍ አመልክቺ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበዪ። እስከዚያ ራስሽ በፈጠርሽው ዳታ ቅጽሽንና ትንታኔሽን ሞክሪ።