ሁለት ባለሙያዎች አንድን የመስማት ምርመራ ውጤት ለየቅል ሲያነቡት

ውድ ጠያቂዬ፣

የጤና ሳይንስ ትምህርትዎን ሊያጠናቅቁ ጥቂት እንደቀረዎትና ኦዲዮሎጂን፣ ማለትም የመስማት ምርመራና ሕክምና ሙያን፣ በማስተርስ ደረጃ ለመማር እንዳሰቡ፣ ነገር ግን በልምምድ ላይ ሳሉ አንድን ኦዲዮግራም (የመስማት ምርመራ ውጤት የሚያሳይ ሰንጠረዥ) አንዱ ባለሙያ «ጤናማ»፣ ሌላው «ቀላል የመስማት ችግር» ሲሉት በማየትዎ ሙያው አስተማማኝ መሆኑን እንደተጠራጠሩ ጽፈውልኛል። ጥርጣሬዎ ተገቢ ነው፤ ሆኖም ሙያውን ለመተው ምክንያት ይሆናል ብዬ አላምንም።

ጆሮ መስማት የሚጀምርበት ዝቅተኛው የድምፅ ደረጃ የሚለካበት መንገድ በሚገባ የተደነገገ ነው፤ ተመርማሪው ሲሰማ ድምፁ በ10 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ይቀነሳል፣ ሳይሰማ ሲቀር በ5 ይጨመራል፤ በድጋሚ ምርመራ የ5 ዴሲቤል ልዩነት ቢመጣም የተለመደ ነው። ልዩነቱ የሚጎላው ለቁጥሩ ስም ሲወጣለት ነው። አንድ ጆሮ በ500፣ በ1000፣ በ2000 እና በ4000 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ) እንደ ቅደም ተከተላቸው በ10፣ በ15፣ በ25 እና በ45 ዴሲቤል መስማት ይጀምራል እንበል። የአራቱ አማካይ 23.75 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ቀደም ሲል ይጠቀምበት የነበረው አመዳደብ እስከ 25 ያለውን ችግር የለበትም ይል ስለነበር፣ በዚያ የሠለጠነ ባለሙያ ጆሮውን ጤናማ ይለዋል፤ በ2021 እ.ኤ.አ. በወጣው የድርጅቱ ሪፖርት የሚሠራው ግን ቀላል ችግር ከ20 ስለሚጀምር ችግር አለበት ይላል። 4000ን ትቶ በሦስቱ ብቻ የሚያሰላ ደግሞ 17 ገደማ አግኝቶ በሁለቱም መስፈርቶች ጤናማ ነው ብሎ ያልፈዋል። ሁሉም በየመስፈርታቸው ልክ ናቸው፤ ተመርማሪው ግን ጫጫታ ባለበት ቦታ ንግግር ለመለየት ሊቸገር ይችላል። ስለዚህ የምደባውን ስም ብቻ የያዘ ሪፖርት፣ የመስማት አቅሙ ከስንት ኸርዝ ጀምሮ እንደሚያሽቆለቁልና በየትኛው መስፈርት እንደተመደበ ካልገለጸ፣ በእኔ አስተያየት ያልተጠናቀቀ ሪፖርት ነው።

ከዚህ የሚከብደው፣ ድምፅ ሲሰማ የሚነሳውን የኤሌክትሪክ ምላሽ በሞገድ መልክ የሚመዘግበው የአንጎል ግንድ ምላሽ ምርመራ ነው። ጨቅላ ሕፃን ሰማሁ ብሎ እጁን ስለማያነሳ፣ ባለሙያው በተዘበራረቀ ሞገድ ውስጥ ድምፁ ምላሽ ማግኘቱን የሚያመለክተውን አምስተኛውን ሞገድ በዓይኑ ፈልጎ «አለ» ወይም «የለም» ማለት ይኖርበታል፤ የመስሚያ መሣሪያው ድምፅ የሚያጎላበት መጠንም በዚህ ውሳኔ ላይ ሊመሠረት ይችላል።

ስምምነትን የሚገልጹ ቁጥሮችንም በጥንቃቄ ማንበብ ይልመዱ። ሁለት ባለሙያዎች ከ100 ውጤቶች በ90ው ተስማሙ ሲባል ደስ ያሰኛል፤ ይሁንና እያንዳንዳቸው 90ውን ጤናማ ብለው ከሆነ በአጋጣሚ ብቻ በ82ቱ ሊስማሙ ይችሉ ነበር። ይህን አጋጣሚ ቀንሶ የሚያሰላው ካፓ የተባለው መለኪያ፣ ፍጹም ስምምነትን 1 ብሎ፣ ለእነዚህ ሁለት ባለሙያዎች 0.44 ገደማ ይሰጣቸዋል።

ሙያው ለእርስዎ ይስማማ እንደሆነ የሚለየው፣ ንባብዎ በሌላ ሰው ሲመረመር የሚሰማዎት ስሜት ነው። በቀረው የልምምድ ጊዜዎ የአስተማሪዎን ውሳኔ ከማየትዎ በፊት የራስዎን ከነምክንያቱ ይጻፉና ያነጻጽሩ፤ ከሳምንታት በኋላም ያንኑ ውጤት የቀድሞ መልስዎን ሳያዩ እንደገና ያንብቡት፤ ሰው ከራሱም ጋር ይለያያልና። ይህ ሥራ የሚያጓጓዎት ከሆነ ይግፉበት። ከማመልከትዎ በፊት ግን የትምህርት ክፍሉን ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ የተማሪዎች ንባብ ከነባር ባለሙያዎች ጋር በመደበኛነት ይነጻጸራል ወይ? አጠራጣሪ የሕፃናት ውጤቶችስ በሁለተኛ ባለሙያ ይታያሉ ወይ? ለሁለቱም በተግባር የሚታይ አሠራር ላለው ክፍል ቅድሚያ ይስጡ።