የድንጋይ ቤት ልስን ልላጠው ወይስ ልተወው?

ጥያቄ፦ ህንድ፣ ጎዋ ውስጥ ተምሬአለሁ። እዚያ ያለው የቦም ጄሱስ ቤተክርስቲያን ቀይ ድንጋዩ ፈጦ ሲታይ በጣም ያምራል። የአባቴ ቤትም በኖራ የተለሰነ የድንጋይ ቤት ነው። ልስኑ ስለተሰነጣጠቀ ልጬው ድንጋዩን ላሳየው አሰብኩ። ግንበኛው ደግሞ በሲሚንቶ እንለስነው ይላል።

መልስ፦ ሁለቱንም አልመክርዎትም።

ያ የወደዱት ድንጋይ እንዲታይ ተብሎ የተሠራ አይደለም። ቤተክርስቲያኑ እ.ኤ.አ. በ1594 ተጀምሮ በ1605 ሲመረቅ ግድግዳው በኖራ ተለስኖ ነበር። ፊት ለፊቱ ያለው የሴ ካቴድራል ዛሬም ነጭ ነው አይደል? የቦም ጄሱስ ልስን የተላጠው ገና በ1950ዎቹ አካባቢ፣ ያኔ ጎዋን ይገዙ በነበሩት ፖርቱጋሎች እድሳት ጊዜ ነው። በእኔ እይታ ከባድ ጥፋት ነው።

ድንጋዩ ላተራይት ይባላል። ብረት የበዛበት ስለሆነ ነው የሚቀላው። ሲቆፈር ለስላሳ ነው፤ አየር ሲያገኘው ይጠነክራል። ግን ቀዳዳው ብዙ ነው፣ ውሃ ይጠጣል። የጎዋ ክረምት ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ስለዚህ የድንጋዩ ፊት በየዓመቱ እየተሸረሸረ ነው። በቤተክርስቲያኑ ፊት ላይ ያለው ቅርጻቅርጽ ግን አብዛኛው ባዛልት የሚባል ጠንካራ ድንጋይ ስለሆነ የተሻለ ይቋቋማል።

አሁን ወደ እርስዎ ቤት። ከማይታይ ጥግ የእጅ መዳፍ የምታህል ልስን ያንሱና ድንጋዩ ላይ ውሃ ጠብ ያድርጉ። ወዲያው ከመጠጠው፣ ወይም በቁልፍ ሲፍቁት ዱቄት ከወጣው፣ ያ ድንጋይ ልብሱን ይፈልጋል። ጥቁር ጠንካራ ድንጋይ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው፤ መጋጠሚያውን በኖራ ሞልተው ሊያሳዩት ይችላሉ።

ሲሚንቶውስ? ለስላሳ ድንጋይ ላይ ሲሚንቶ ሲለሰን እርጥበቱን ውስጥ ያፍነዋል። ውሃው መውጫ ሲያጣ ጨው ይዞ ድንጋዩን ከውስጥ ይበላዋል። እርስዎ ከውጭ ጤነኛ ግድግዳ ነው የሚያዩት።

ስለዚህ ልስኑን በመዶሻ እጀታ ቀስ እያሉ ያንኳኩ። ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን ብቻ ያንሱ፣ የያዘውን አይንኩት። ከዚያ በፊት ግን የጣሪያውን አሸንዳ ያስጠግኑ፤ ውሃው ካልቆመ ልፋትዎ ከንቱ ነው። ለአዲሱ ልስን ውሃ ውስጥ ተብላልቶ የከረመ ኖራ 1 እጅ፣ ታጥቦ የተነፋ አሸዋ 3 እጅ ያዋህዱ። ግድግዳውን አርጥበው በስሱ ደራርበው ይለስኑ። አንዱ ሳይጠነክር ሌላውን አይጨምሩ። ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ጋር እየተዋሃደ ስለሆነ ጊዜ ይፈልጋል። ፀሐይ እንዳያደርቀው እርጥብ ጆንያ ይጋርዱበት። በመጨረሻ ኖራ ይቀቡት እንጂ የፕላስቲክ ቀለም አያስነኩት።