«አፉን ፈትቶ የነበረው ልጄ ዝም አለ»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምጽፈው ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። ወንድ ልጄ 22 ወሩ ነው። «እማ»፣ «ውሃ»፣ «ባጃጅ» ይል ነበር። አሁን አንዱንም ካላለ ሁለት ወር ሆነው። በዚህ ዕድሜ አእምሮ የራሱን የነርቭ መስመሮች እየቆረጠ ይጥላል የሚል አነበብኩና እንቅልፍ አጣሁ። ከፋርማሲ የአእምሮ ቪታሚን ገዝቼ እየሰጠሁት ነው። አማቴ እንጥሉ ይቆረጥ ይላሉ። ቤታችን አማርኛም ኦሮምኛም ይነገራል፤ ያ ይሆን ግራ ያጋባው? እኔ ሱቅ ስለምውል ቀኑን ሙሉ ስልክ ሲያይ ነው የሚውለው።

መልስ፦ እህቴ፣ ያነበብሽው እውነት ነው፤ ግን እንደፈራሽው አይደለም።

ልጅሽ ገና ሆድሽ ውስጥ ሳለ የነርቭ ሕዋሳቱ አክሰን የሚባል ቀጭን ክር እያወጡ መንገድ ጀምረዋል። የክሩ ጫፍ እንደ ጣት እየዳሰሰ ነው የሚሄደው። ስፔናዊው ራሞን ኢ ካሃል ይህን ጫፍ የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1890 ነው። መንገዱን የሚያሳዩት በየቦታው ያሉ ፕሮቲኖች ናቸው። ኔትሪን ብዙውን ጊዜ «ና» ይለዋል፤ ስሊት «በዚህ አትለፍ» ይለዋል። ክሮቹ ሲደርሱ ከሚያስፈልገው በላይ ግንኙነት ይፈጥራሉ። ከዚያ የሠራው ይጠነክራል፤ ሥራ የፈታው ይለቀማል። ማይክሮግሊያ የሚባሉ ሕዋሳት ምልክት የተደረገበትን እየበሉ ያጸዳሉ። በግንባር በኩል ያለው የአእምሮ ክፍል ይህን ሥራ እስከ 20ዎቹ ዕድሜ ድረስ ይቀጥላል። ሁላችንም እንዲህ ነው ያደግነው። ጤነኛ ልጅ በዚህ ምክንያት የሚያውቀው ቃል አይጠፋበትም።

ስለዚህ ዝምታው ከዚህ አልመጣም። ግን እፎይ ለማለት አትቸኩዪ። ተናግሮ ያቆመ ልጅ መታየት አለበት። «ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው» የሚሉሽን አትስሚ። ልጅሽ እኮ ፈትቶ ነበር! የነበረው ቃል መጥፋቱ ነው ምልክቱ፤ በ15 ወርም ይሁን በ3 ዓመት። ሁለት ወር መጠበቅ አልነበረብሽም።

ደብዳቤሽ ውስጥ ያልጻፍሽው አንድ ቃል አለ፤ ኦቲዝም፣ ከሰው ጋር መግባባትን የሚያከብድ የአእምሮ እድገት ልዩነት። ልጁን ሳላየው ነው አልልሽም፣ አይደለምም አልልሽም። ከሆነ ግን ሱቅ በመዋልሽ የመጣ አይደለም፤ ስልኩም አላመጣበትም። ይህን ደግመሽ አንብቢው። ስልኩን ግን ከእጁ አንሺለት፤ ስልክ እያየ ሰው አያወራውምና። ሁለት ቋንቋ ደግሞ ልጅ አያበላሽም። የድሬ ልጅ ሁሉ እንዲሁ አይደል ያደገው?

መጀመሪያ የሚመረመረው ጆሮው ነው። «ባጃጅ ሲያልፍ ዞር ይላል» እንዳትዪኝ። ጆሮው በከፊል የደከመ ልጅ ወፍራምና ከፍተኛ ድምፅ እየሰማ «ስ»ን እና «ፍ»ን ላይሰማ ይችላል። ድምፅ በደንብ ካልደረሰው ለንግግር የተዘረጉት መስመሮች ሥራ ይፈታሉ። ሥራ የፈታው ምን እንደሚሆን ነግሬሻለሁ። የምቸኩለው ለዚህ ነው።

አሁን እንጥሉ። አማትሽ ለልጁ አስበው ነው፤ ይገባኛል። ግን አይሆንም። እንጥል ስንውጥ ምግብ ወደ አፍንጫ እንዳይወጣ የምታግዝ ትንሽ ሥጋ ናት። አፍ አታስርም፤ ብትቆረጥም አፍ አትፈታም። አንድ እናት የዓመት ተኩል ልጇን በነጠላ ጠቅልላ አምጥታልኝ ነበር። ነጠላው አገጩ ሥር እንደ ካርቶን ደርቋል፤ ደም ነው። ከንፈሩ ነጥቷል። ማታ ተቆርጦ ሌሊቱን ደሙን ሲውጥ አድሮ፣ ጠዋት ሲያስመልሰው ነው የደነገጡት። ደም ሰጥተነው ተረፈ። ያ ምላጭ ከዚያ በፊት የስንት ልጅ አፍ ውስጥ ገብቷል? መንጋጋ ቆልፍ አለ፣ ኤች አይ ቪ አለ፣ የጉሮሮ መመረዝ አለ። ይህ ሁሉ አልፎ ልጁ አሁንም አይናገርም፤ ምክንያቱም ችግሩ እዚያ አልነበረም። ሱቅ በምትውዪበት ሰዓት ማንም እንዳይወስደው ለሠራተኛዋም ንገሪ። ለአማትሽ ዶክተሩ ከለከለ በያቸው፤ በእኔ ይሁን።

ቪታሚኑንም ዛሬ አቁሚ። የሚያናግር ሽሮፕ የለም። ቫይታሚን ኤ እና ብረት ሲበዙ ሕፃን ይጎዳሉ። ጠርሙሱን አትጣይው፤ ሐኪሙ ይየው።

ሰኞ ወደ ሕፃናት ሐኪም ውሰጂው። የትኛውን ቃል መቼ እንደጀመረና መቼ እንደተወ ጽፈሽ ያዢ። ስልክሽ ላይ ሲያወራ የቀረጽሽው ቪዲዮ ካለ አሳዪ፤ ከብዙ ጥያቄ ይሻላል። ሲጠሩት ዞር ይል እንደሆነ፣ የፈለገውን በጣቱ ይጠቁም እንደሆነ ይጠይቁሻል። እስከዚያ ልብሱን ስታለብሺው፣ ስታበዪው አውሪው፤ ባይመልስም። ካንቀጠቀጠው ወይም ዓይኑ ፈዝዞ ከቀረ ግን ሰኞን አትጠብቂ፤ ሌሊትም ቢሆን ይዘሽው ውጪ።