ሂና የተቀባሽው ሽበት ብርቱካንማ ሆኖብሽ እንዴት ይጠቁራል ላልሽው

ሂናውን አትድገሚው፤ ይበልጥ ይቀላል እንጂ አይጠቁርም። የሂና ቀለም በራሱ ቀይ ነው፣ ነጭ ፀጉር ላይ ደግሞ ፈጦ ይታያል። አሁን የሚያስፈልግሽ የኢንዲጎ ዱቄት ነው፤ ኢንዲጎ ከሚባል ተክል ቅጠል የሚዘጋጅ፣ ሰማያዊ ቀለም ያለው የፀጉር ማቅለሚያ ነው፣ በሂናው ላይ ሲደረብ ያጠቁረዋል።

1. ፀጉርሽን በሻምፑ ብቻ እጠቢ፤ ቅባት ካለበት ቀለሙ አይዝም።
2. ለአጭር ፀጉር 100 ግራም ኢንዲጎ በለብ ያለ ውኃ እንደ እርጎ እስኪወፍር በጥብጪ፤ ቁንጥጫ ጨው ጨምሪበት። ሎሚ ለሂና እንጂ ለዚህ አይሆንም።
3. 15 ደቂቃ አቆይተሽ ወዲያው ተቀቢው፤ እንደ ሂና ካሳደርሽው ኃይሉን ያጣል። በፌስታል ሸፍነሽ 2 ሰዓት ያህል ቆይተሽ በውኃ ብቻ ታጠቢ።

መጀመሪያ አረንጓዴ ቢመስል አትደንግጪ፤ በ2 ቀን ውስጥ ይጠቁራል። እስከዚያ ሻምፑ አይንካው።

በደቂቃዎች ያጠቁራል የሚባለውን «ጥቁር ሂና» ግን እባክሽ አትግዢ። ብዙ ጊዜ ፒፒዲ የሚባል ኬሚካል ይገባበታል፤ አለርጂ ካስነሳ የራስ ቆዳ ያቆስላል፣ ፊት ያሳብጣል።