የቡችላዬ ልብ ላይ ድምፅ ተሰማ፤ ደሟን ለሰው ላቦራቶሪ ልስጥ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምጽፈው ከደሴ ነው። አራት ወር የሞላት የጀርመን ሸፐርድ ቡችላ አለችኝ። ኮምቦልቻ ላስከትባት ስወስዳት ሐኪሙ ልቧ ላይ ያልተለመደ ድምፅ ሰማ። ውጭ አገር ያለው ወንድሜ «ኤንቲ ፕሮቢኤንፒ የሚባል የደም ምርመራ አሠራላት» ይለኛል። የሰው ላቦራቶሪ ይሠራልኛል?

መልስ፦ ይሄኛውን እንኳ ይተዉት፣ ብርዎ ነው የሚባክነው። ኤንቲ ፕሮቢኤንፒ የልብ ጡንቻ ሲወጠር ደም ውስጥ የሚጨምር ንጥረ ነገር ነው፤ የውሻው ግን ከሰው ስለሚለይ ለሰው የተሠራው ኪት በትክክል አይለካውም፣ ቁጥር ቢያወጣም አይመኑት። ትሮፖኒን አይ የሚባለው ሌላው የልብ የደም ምርመራ ግን የሰውና የውሻው በጣም ስለሚቀራረብ ብዙ የሰው መሣሪያዎች ያነቡታል። እሱም ቢሆን የልብ ጡንቻ መጎዳቱን እንጂ አብሯት የተወለደው ችግር ምን እንደሆነ አይነግረንም።

ለውሻ የተሠራው ምርመራ ቢገኝ እንኳ ኩላሊት ሲታመም ቁጥሩ ከፍ ይላል፣ የልብ ችግሩ ቀላል ከሆነ ደግሞ ደህና መስሎ ሊወጣ ይችላል።

ስለዚህ ወደ ድምፁ እንመለስ። ሐኪሙን «ድምፁ ደካማ ነው ጠንካራ? ይቋረጣል ወይስ ሳያቋርጥ ይሰማል?» ብለው ይጠይቁት። ደካማ ከሆነ በቡችላ ላይ የተለመደ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ እስከ አምስት ስድስት ወር ይጠፋል። ሳያቋርጥ የሚሰማ ከሆነ ግን በጣም ያሳስበኛል፤ ከተወለደች በኋላ በቀናት ውስጥ መዘጋት የነበረበት የደም ቧንቧ ክፍት ቀርቶ ሊሆን ይችላል፣ ይህ ደግሞ በሴቶችና በጀርመን ሸፐርድ ላይ ይበዛል። ካልታከመ ብዙዎቹ ዓመት አይሞላቸውም፣ በጊዜ ከተዘጋ ግን እንደማንኛውም ውሻ ይኖራሉ። ቁርጡን የሚነግርዎት የልብ አልትራሳውንድ ነው፤ ቢሾፍቱ ወዳለው የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ከመሄድዎ በፊት ደውለው የልብ አልትራሳውንድ እንደሚሠሩ ያረጋግጡ፣ መንገዱ ሩቅ ነው።

እስከዚያው በደሴ ዳገት አያሩጧት። ላሲክስም (ሽንት የሚያሸና መድኃኒት) ሆነ ሌላ የሰው መድኃኒት በራስዎ አይስጧት። ማታ ጭልጥ ብላ ስትተኛ ትንፋሿን ለአንድ ደቂቃ ይቁጠሩ፦ በተደጋጋሚ ከ30 በላይ ከሆነ ወይም ራሷን ከሳተች፣ ወይም ድዷ ወደ ሰማያዊ ካደላ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያኑ ቀን ይውሰዷት።